የሻለቃ ለቅሶ

ሻለቃ በዕድሜያቸው ጠመንጃ ጨብጠው አያውቁም። ማዕረጉን የሰጣቸው ሬዲዮ ነው። በየሳምንቱ በሚተላለፍ ድራማ ላይ አንድ ግልፍተኛ፣ ግን ሆደ ቡቡ ሻለቃ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ተጫወቱና፣ ድራማው ሲያልቅ ስሙ እላያቸው ላይ ቀረ። የሰፈሩ ባለሱቅ «ሻለቃ፣ ዛሬ ዳቦው ትኩስ ነው» ይላቸዋል። ታክሲ ውስጥ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ሲሉ የማያውቃቸው ተሳፋሪ ድምፃቸውን ሰምቶ ዘወር ብሎ ያያቸዋል።

ይበልጥ የታወቁት ግን በለቅሷቸው ነው። በሬዲዮ ጣቢያው ልጁን የሚቀብር አባት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሽማግሌ፣ የተከዳ ባል ሲፈለግ ከሳቸው ሌላ ሰው አይታሰብም ነበር። መጀመሪያ ትንፋሻቸውን ቆረጥ ያደርጉታል፤ ከዚያ አንዲት ቃል ይጀምሩና መሃል ላይ ይተዋታል። ይቺው መሃል ላይ የምትቀረዋ ቃል አገር ምድሩን ታስለቅስ ነበር። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ የተንሰቀሰቀ ሹፌር ለጣቢያው ደብዳቤ ጽፎ ያውቃል።

ሚስታቸው የተቀበረች ዕለት ግን ከዓይናቸው ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ሦስት ወር ታማ ነው የሞተችው። ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ሻለቃ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ቆመው አዩ። አንድያ ልጃቸው አጠገባቸው ሆና ስትንሰቀሰቅ እንኳ ዘወር ብለው አላዩዋትም። ልጅቷ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ የራሷ መድኃኒት ቤት አላት፤ እናቷን መርፌ እየወጋች፣ እያገላበጠች ያስታመመችውም እሷው ነች። ያን ቀን ምንም አላለችም። በየእሑዱ ወደ አባቷ ቤት መምጣቷንም አልተወችም። ብቻ ስትመጣ ኮቷን አታወልቅም ነበር።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ ጌም ከሚሠራ ድርጅት ተደወለላቸው። ሻለቃ ጌም ሲባል የሚያውቁት ሰዎች ስልካቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሲነካኩ ነው። «እኔ ደግሞ እዚያ ውስጥ ምን እሠራለሁ?» ብለው ሊዘጉት ሲሉ፣ የደወለችው ሴት፣ «ጋሼ፣ እርስዎን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው በርስዎ ድምፅ ነበር የሚሰማኝ» አለቻቸው። እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል ተዋናይ የለም።

ስቱዲዮው ያለው አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የመቅረጫው ክፍል ግድግዳ በጥቁር ስፖንጅ ተለብጧል፤ አንድ ማይክ፣ አንድ የወረቀት ማስደገፊያ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። ከመስታወቱ ማዶ ደራሲዋና አንድ ራሰ በራ የድምፅ ባለሙያ ተቀምጠዋል። ታሪኩን ደራሲዋ ራሷ አጫወተቻቸው። ጀግናው ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው። ከተማውን ወንበዴዎች ይይዙታል፤ ሚስቱ በግርግሩ ትጠፋበትና ሊፈልጋት ይወጣል። በመጨረሻ የሚያገኛት ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲያስገባ በኖረበት ጣቢያ፣ የመንገደኞች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሞታ ነው።

«ቆንጆ ነው» አሉ ሻለቃ። ከልባቸው ነበር።

ጠዋት የተቀረጸው ይኸው የመጠበቂያው ክፍል ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው «ተነሽ፤ ተነሽ እንጂ፤ ባቡሩ ደርሷል» የሚል ብቻ ነበር። ሻለቃ እንደ ልማዳቸው ትንፋሻቸውን ቆረጥ አደረጉና «ተነሽ» አሉ። ቀጥለው «ተነሽ እን...» ብለው መሃል ላይ ሊተዉት ሲሉ፣ ቃሉ ቀድሟቸው ጉሮሯቸው ላይ ተሰነቀረ። ማስደገፊያውን ያዙ። «ጉዴ» አሉ። «ጉዴ... ጉዴ... ኧረ ጉዴ!»

ጉዴ ሚስታቸው ናት። ገና ሲጋቡ፣ ሽንኩርት ሲያርርባት «ጉዴ!»፣ አውቶቡስ ሲያመልጣት «ጉዴ!»፣ ልብስ አስጥታ ዝናብ ሲመጣ «ጉዴ!» ስለምትል፣ ሻለቃ ስሟን ትተው በዚሁ ሲጠሯት ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሩ። እሱም ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ከልጃቸው በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሲጨርሱ ከመስታወቱ ማዶ ኮሽ አይልም። ራሰ በራው ማዳመጫውን አውልቆ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። ደራሲዋ፣ «ጋሼ፣ አንደግመውም። እንዳለ ነው የሚገባው። ‹ጉዴ› ያሉት እኮ፣ እኔ ልጻፈው ብል አይመጣልኝም ነበር» አለች። የጨነቀው ሰው ጩኸት ነበር የመሰላት። ሻለቃ አላረሟትም። መጸዳጃ ቤት ገብተው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደረታቸው ቀለል ብሏቸዋል። ይህ የሆነላቸው ስፖንጅ በለበሰ ክፍል ውስጥ፣ ስለ አንድ የማያውቁት ባቡር ነጂ ብለው መሆኑ ግን አሳፈራቸው።

ከሰዓት በኋላ ራሰ በራው ሌላ ወረቀት ሰጣቸው። ቁጥርና አጭር ማስታወሻ ብቻ ነው ያለበት። አንድ፣ ትከሻው ላይ ሲመታ። ሁለት፣ ሆዱ ላይ ሲመታ። ሰባት፣ በእሳት ሲቃጠል። ዘጠኝ፣ ከከፍታ ሲወድቅ። አሥራ አንድ፣ ውኃ ውስጥ ሲታፈን።

«ይሄ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ነው የሚደርሰው?» አሉ ሻለቃ።

«ተጫዋቹ ሲሳሳት ነው ጋሼ። ይሞትና እንደገና ይጀምራል።»

«ስንት ጊዜ?»

«እንደ ተጫዋቹ ነው።»

ሻለቃ ሥራ አይንቁም። ወደቁ፣ ተቃጠሉ፣ ታፈኑ፤ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። መሃል ላይ የእውነት ሳል ቢይዛቸው ራሰ በራው፣ «አሪፍ ናት፣ እሷም ትቀመጥ» አለ። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ይጠቅመኛል!» የሚል ተጽፏል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ «በደስታ» ይላል።

«ምን አግኝቶ ነው?»

«ማንኛውንም ነገር። ጥይት፣ ባትሪ፣ ፋሻ።»

«እሺ፤ የት ሆኖ ነው የሚለው?»

«የትም ሆኖ።»

«የትም የሚባል ቦታ አለ እንዴ ልጄ? ሚስቱን ሳያገኛት ነው ካገኛት በኋላ?»

ራሰ በራው ወደ ደራሲዋ ዞረ። ደራሲዋ ወረቀቷን ታይ ጀመር። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ደስ እንዳለው ሰው ይበሉት» አለች ቀስ ብላ። ሻለቃ እንደ ታዘዙት፣ ደስ እንዳለው ሰው አሉት።

ጌሙ ከስምንት ወር በኋላ ወጣ። ሻለቃ ለማንም አልተናገሩም ነበር፤ ለልጃቸውም።

አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ መድኃኒት ቤቱ ጭር ብሎ ሳለ፣ ከልጅቷ ጋር የምትሠራው ፋርማሲስት ስልኳን ይዛ በሳቅ ትንከተከት ጀመር። «ነይ እይው፣ ሞቼልሻለሁ!» አለቻት። ልጅቷ የታዘዘ መድኃኒት እየቆጠረች አንገቷን አስግጋ አየች፤ አንድ ተጫዋች ከጌሙ ቀርጾ የለቀቀው ቪዲዮ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ የሞተች ሴት ተጋድማለች። ጠመንጃ ያነገተ ሽማግሌ አጠገቧ አለ፤ ግን አያያትም። አግዳሚው ላይ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይዘላል። ሬሳዋን ተራምዶ መሳቢያ ይከፍታል። ከላይ ለቅሶ ይሰማል። «ጉዴ... ጉዴ... ኧረ ጉዴ!» ይላል። ወዲያው በዚያው ድምፅ፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው፣ «ይጠቅመኛል!» ይላል። ሌላ መሳቢያ ይከፈታል። «ኧረ ጉዴ!» «ይጠቅመኛል!» ከሥሩ ሰዎች ጽፈዋል። «ሚስት ትሞታለች፣ ባትሪ ግን ባትሪ ነው» ይላል አንዱ። ሌላዋ፣ «ወይኔ ባሌን አየሁት» ብላለች።

ልጅቷ ቪዲዮውን ወደ ስልኳ አስላከች፤ ነጭ ጋውኗን አውልቃ ወጣች።

ሻለቃ በሩን ሲከፍቱላት ሰላምታም አልሰጠቻቸው። ስልኳን ፊታቸው ላይ ዘረጋችው። ቆመው አዩት። አልገባቸውም፤ ደግመው አዩት።

«እማዬን ነው የጠራሃት» አለች።

«አዎ።»

«ስትቀበር ጠብታ እንባ ያላወጣህላትን ሴትዮ፣ እዚህ ታለቅስላታለህ? ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ እንዲስቅባት?»

«እንዲህ አልነበረም እኮ ልጄ። እኔ ስሠራው...»

«ሥራ ነበራ።»

ይህን ብላ ደረጃውን ወረደች። ሻለቃ የበሩን እጀታ እንደያዙ የታችኛው በር ሲዘጋ ሰሙ። በዚያ እሑድ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ቢደውሉ፣ «ሰው አለብኝ አባዬ» እያለች ትዘጋለች።

ሻለቃ ሲቸግራቸው ወደ ድርጅቱ ሄዱ። ደራሲዋ ገና ስታያቸው የመጡበት ገባት። ወንበር ሰጠቻቸውና ቢሮዋን ዘጋች።

«ሰውየው ሲያለቅስ ዝም ብሎ ቆሞ እንዲያለቅስ ማድረግ ምን ያቅታል?» አሏት።

«አያቅትም ጋሼ። ለምኜ ነበር። እኔ ታሪኩን ጽፌ እሰጣለሁ። መሮጡን፣ መዝለሉን፣ መተኮሱን የሚሠሩት አራተኛ ፎቅ ያሉት ልጆች ናቸው። ሰውየው ተገትሮ ከቀረ ተጫዋቹ እጁን የታሰረ ይመስለዋል፣ ይሰለቻል አሉኝ። ባትሪውን እዚያ ያስቀመጡትም ከክፍሉ ሲወጣ መንገዱ ጨለማ ስለሆነ ነው።»

«ሬሳ ያለበት ክፍል ውስጥ?»

«መሳቢያ ያለው እሱ ክፍል ነው» አለች። ይህን እንዳለች ለራሷም ቀፈፋት መሰል፣ ዓይኗን ከሳቸው ላይ አነሳች። «ስጽፈው እኮ ሰውየው ከቤቱ እስኪወጣ ሰው ገድሎ የማያውቅ ነበር። እጁ እየተንቀጠቀጠ አንድ ሰው ይገድላል፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ያጣል። አሁን ሚስቱ ጋ እስኪደርስ ሁለት መቶ ሰው ይገድላል። እንቅልፍ ማጣቱንም አልሰረዙትም፤ ሁለት መቶውን ገድሎ፣ ስለ አንዱ እንቅልፍ አጣሁ ይላል።»

«ጉዴ የባለቤቴ ስም ነው» አሉ ሻለቃ።

ደራሲዋ አፏን ይዛ ቀረች። የተሸጠውን መመለስ እንደማትችል ነገረቻቸው፤ ዋሽታ አላጽናናቻቸውም። ነገር ግን ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይነካ ለሚሰማ ሰው ለቅሶው ከዳር እስከ ዳር አለ፤ ሰምተው ያለቀሱም ሰዎች ጽፈውላታል። «ልጅዎ ሙሉውን ትስማው» አለች። የቢሮውን ማጫወቻ ከነጆይስቲኩ በካርቶን አድርጋ፣ ራሷ ተሸክማ እስከ ታክሲ ሸኘቻቸው።

ልጅቷን ለማግባባት ሁለት ቀን ፈጀ። «አንድ ጊዜ ስሚውና ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ» አሏት። እሑድ ከምሳ በኋላ መጣች። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ደራሲዋ እዚያ ክፍል ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ብላቸዋለች፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ለሚያውቅበት ሰው መሆኑን ግን አልነገረቻቸውም።

አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ባቡር ነጂው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከሚስቱ ጋር ስለሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጨቃጨቃል። ልጅቷ ጠጋ ብላ ሰማች፤ አባቷ እናቷን ሲነዘንዙ በትክክል እንዲህ ነበሩ። ከዚያ ሽማግሌው መንገድ ላይ ወጣ፣ ጨዋታውም የነሱ ሆነ። ሻለቃ ጆይስቲኩን ሲነኩት ሰውየው ግድግዳ ሲገፋ ቆየ።

«አባዬ አዙረው እንጂ!»

«በየቱ ነው የማዞረው?»

«በግራው! ኧረ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው!»

ከስንት ወር በኋላ አብረው ሳቁ። ሳቁ አላለቀም፤ ከጥግ ወንበዴ ብቅ አለና ተኮሰ። «አህ!» አለ ሽማግሌው፤ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ስክሪኑ ቀላ። የሻለቃ ድምፅ ነው። ልጅቷ ደነገጠች። «እንደገና ሞክር» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሞከሩ። «አህ!» ልጅቷ ጆይስቲኩን ተቀበለቻቸው። እሷ ትንሽ ትሻላለች፤ አንድ ሰው ገደለች፣ ሁለት ገደለች፣ ሦስተኛው ገደላት። ድልድዩ ላይ ደረሰችና እግሩን አሳተችው፤ ሻለቃ እየጮኹ ረጅም መንገድ ወደቁ። ደግማ ወጣች፤ ደግመው ወደቁ። የሚነድ ቤት ውስጥ ስታስገባው ሻለቃ ተቃጠሉ። ከጎኗ የተቀመጡት ሻለቃ ደግሞ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ጥፋተኛ፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

«ስንት ጊዜ ነው የምትሞተው?» አለች በመጨረሻ።

«እንደ ተጫዋቹ ነው አሉኝ።»

ቦይ ጋ ደረሱ። መሻገር አለበት፤ እንዴት እንደሚዋኝ አላወቀችም፤ ሽማግሌው ሰመጠ። ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ደግሞ ሁለት አጭር። ልጅቷ ጆይስቲኩን አስቀመጠች።

«ይሄን ትንፋሽ ከማን ነው የወሰድከው?»

ሻለቃ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቁም ነበር። ሰሙት፤ አወቁት። በመጨረሻው ሳምንት፣ ሁለቱም ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ያዳመጡት ትንፋሽ ነው።

«ይብቃ አባዬ። አጥፋው።»

እንዴት እንደሚጠፋም አያውቁም፤ ሶኬቱን ነቀሉት። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። ልጅቷ ፊቷን ሳታዞር፣ «ለምን አላለቀስክም?» አለች።

ሻለቃ ይህን ለማንም አልተናገሩም ነበር።

«መጥቶብኝ ነበር» አሉ። «ሬሳው ሲወርድ ትንፋሼ ቆረጥ አለ። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ለጓደኛው፣ ‹ስማ፣ አሁን ይጀምራሉ› አለው። ልክ ሬዲዮ እንደተከፈተለት። እኔም ራሴን ሰማሁት። ትንፋሼ እንደ ሥራዬ ነበር የተቆረጠው። የእኔ ይሁን የድራማው መለየት አቃተኝ። በእሷ ላይ ትያትር እንዳልሠራ ፈራሁና ዋጥኩት። ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ አልወጣ አለኝ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ አባቷ አዞረች።

«እኔ አጠገብህ ነበርኩ» አለች። «ሰውየው ምን አገባው? እኔ እኮ የትኛው እንደሆነ አውቅልህ ነበር። ብቻዬን ነው የቀበርኳት አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

እጃቸውን ያዘች። «አሁን ጥራት» አለች። «እዚያ እንደጠራሃት። ከኔ በቀር ሰው የለም፤ እኔ ነኝ የምሰማው።»

ሻለቃ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፈልገው ነበር፤ ከልባቸው ፈልገው ነበር። «ጉዴ» አሉ። ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ፤ ትንፋሹ በቦታው ተቆረጠ፤ መጨረሻው ቀስ ብሎ ሞተ። ባለ ደብዳቤው ሹፌር ቢሰማው መኪናውን ያቆም ነበር። ሁለቱም ምን እንደሰሙ አወቁ። ሻለቃ ሌላ እንዳይሞክሩ ልጅቷ እጃቸውን ጠበቅ አደረገችው። «ተወው አባዬ፣ ተወው» አለች፤ የምታለቅሰው እሷ ነበረች።

ማጫወቻውን በማግሥቱ መለሱ። ከአንድ ወር በኋላ ደራሲዋ ደወለችላቸው። ደስ እንዲላቸው ብላ፣ ነገሩ እንደተስተካከለ ነገረቻቸው። ለቅሶው ሲጀምር ሰውየው አሁን ቆሞ ያለቅሳል፤ መዝለሉ ቀርቷል፤ መስማት ያልፈለገ ተጫዋች ደግሞ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማለፍ ይችላል።

«ስንቱ ያልፈዋል?» አሉ ሻለቃ።

«ጋሼ...»

«ንገሪኝ ግዴለም።»

«ከአሥሩ ስምንቱ» አለች።

አመሰግነው ዘጉ። ለልጃቸው አልነገሯትም። ልጅቷ በየእሑዱ መምጣቷን ቀጥላለች። የደም ግፊታቸውን ትለካለች፣ ስለ ደንበኞቿ ታወራላቸዋለች፣ ስለ ኪኒናቸው ትቆጣቸዋለች። አንዳንዴ ወሬያቸው ተንሸራቶ እናቷ ጋ ይደርሳል፤ ያኔ ልጅቷ ተነስታ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ሻለቃም መስኮቱን ከፍተው ወደ መንገዱ ያያሉ።